የሁለተኛው ደራሲ ጥፋት

መጋረጃ ሰፊዋ ሁልጊዜ ጠዋት የሱቋን የብረት መዝጊያ ወደ ላይ ትገፋና የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ጠራርጋ ጠብ ጠብ አድርጋ ዘይት ታጠጣዋለች። መቀሷን ከመሳቢያ ታወጣለች፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል ታደርጋለች። ከዚያ የዕለቱ የመጀመሪያ ደንበኛ ገና የመስኮቷን ስፋት ሳትናገር ጥያቄዋን ታቀርባለች፦ «አንቺ የማን ወገን ነሽ? የመርከበኛው ነሽ ወይስ የወንድምየው?»

ደንበኛዋ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ከሆነ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ወጣት ከሆነች ግን ግራ ይገባታል፤ የመጣችው መጋረጃ ልታሰፋ እንጂ ወገን ልትመርጥ አይደለም። ያኔ መጋረጃ ሰፊዋ በትዕግሥት ከሥር ከመሠረቱ ትጀምርላታለች። መጋረጃው በቀጠሮው ቀን ይደርሳል። ታሪኩ ግን አይደርስም።

ድራማ ያልቃል፤ የድራማ ተመልካች ግን አያልቅም። በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየወረፋው አንዲት እንዲህ ያለች ሰው አትጠፋም። ተዋንያኑ አርጅተዋል፤ ድራማው የተቀረጸበት ቤት ፈርሷል፤ ጣቢያው ስሙን ቀይሯል። እሷ ግን ስለነዚያ ባልና ሚስቶች የምታወራው ልክ ትናንት ደውለው እንዳማከሯት አድርጋ ነው። «ምስኪን፣ ያኔ ባትፈርም ኖሮ» ትልና ትተነፍሳለች። ማን ናት፣ ምን ላይ ነው የፈረመችው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለከሰዓቱ ሌላ ቀጠሮ ባይዝ ይሻለዋል።

ታሪኩ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ መርከበኛ ወደብ ዳር አበባ የምትሸጥ ልጅ ይወዳል፤ ይጋባሉ። መርከቡ ይሰጥማል፤ እሱም ሞተ ይባላል። መበለቲቱን ታናሽ ወንድሙ ያገባታል። መርከበኛው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለቅሶ ነው። በጎን ደግሞ ራሷ የፈረደችበትን ሌባ የወደደች አንዲት ዳኛ አለች። ከመጋረጃ ሱቁ አጠገብ ያለችው ፋርማሲስት የዳኛዋና የሌባው ወገን ናት። በዚህ የተነሳ ሁለቱ ጎረቤታሞች በየቀኑ ይጣላሉ፤ አንዷ አንድ ቀን ከቀረች ደግሞ ሌላዋ ስትፈልጋት ትውላለች።

ይህን ሁሉ ባጭሩ መናገር በመጋረጃ ሰፊዋ ፊት እንደ ነውር የሚቆጠር ነው። ምክንያቱም ድራማው ሁለት ደራሲ ነበረው።

የመጀመሪያው ደራሲ ቀስ ይል ነበር። መርከበኛውና አበባ ሻጯ እጅ ለእጅ እስኪያያዙ ድረስ ክረምቱ አልፎ በጋው ገብቷል። በእሱ ዘመን ሰው ሰው ቤት ሲሄድ በር ያንኳኳል፤ የሚሞት ሰው አስቀድሞ ያስላል፤ የሚዋሽ ሰው አስቀድሞ ውሃ ይጎነጫል። ከዚያ እሱ ሄደና ሁለተኛው መጣ። ሁለተኛው ደራሲ መርከቡን በአንድ ሳምንት ውስጥ አሰጠመ። ልጅቷ ጥቁሯን ሳታወልቅ ለወንድምየው ዳራት። ይህም አልበቃ ብሎት መርከበኛውን መለሰው፤ የመለሰው ግን በሌላ ተዋናይ ነው፤ ፊቱ ተቃጥሎ በቀዶ ጥገና ተቀየረ ተባለ። «በባሕር የሰጠመ ሰው በምን ተቃጠለ?» ትላለች መጋረጃ ሰፊዋ። ይህን ጥያቄ እስካሁን የመለሰላት የለም።

የደራሲው ስም መለወጡን በጽሑፍ ያየችው ዘግይታ ነው። ነገሩ የገባት ግን ቀደም ብሎ ነበር። «ሰዎቹ በር ሳያንኳኩ መግባት ሲጀምሩ ነው ያወቅኩት» ትላለች። «ልብ ብለሽ ካየሽ፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው አላንኳኳም።»

እና ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ያልታሰበ ነገር ሁሉ ጥፋተኛ አግኝቷል። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ፈነዳ። «የሁለተኛው ደራሲ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ቢሆን ቀደም ብሎ ያንጠባጥብ ነበር።» የአውቶቡሱ መስመር ሳይነገር ተቀየረ፤ እሱው ነው። የጎረቤት ልጅ ስትዳር ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ አየችና ወደ ፋርማሲስቷ ዘንበል ብላ «ይሄ ደግሞ በየትኛው ክፍል ነው የገባው?» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያውም ለቅሶ ቤት ገብታ ባሏ በድንገት የሞተባትን ሴት ትከሻዋን ይዛ «ምንም ምልክት አልነበረውም፤ ይሄ የእሱ አጻጻፍ ነው» አለቻት። ዘመድ አዝማዱ ደነገጠ። መበለቷ ግን ቀና አለችና «እኔም እንደሱ ነው ያልኩት» ብላ እጇን ያዘቻት። ለካ እሷም ተመልካች ነበረች።

ከእንዲህ ያለች ሴት ጋር የሚኖር ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ወይ አብሮ ማበድ፣ ወይ ጋዜጣ መግዛት። ባሏ ጋዜጣ ገዛ።

ባሏ መነጽር ሠሪ ነው። ቀኑን ሙሉ መስታወት እየሞረደ ሌላው ሰው ጥርት አድርጎ እንዲያይ ያደርጋል። ስለ ድራማው ግን እሱ ራሱ ምንም አላየሁም ባይ ነው። ድራማው በሚተላለፍበት ዘመን ሶፋው ጥግ ላይ ጋዜጣውን ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር። «እኔ ዜናዬን ነው የማነበው፣ እናንተ አልቅሱ» ይል ነበር። ድራማው ካለቀም በኋላ ሚስቱ የመርከበኛውን ነገር ባነሳች ቁጥር ድምፁን እንደ አዋጅ ነጋሪ ያወፍርና «ክብርት ሆይ፣ ሙታን አርፈው ይተኙ» ይላታል።

«አልሞተም እኮ።»

«እንግዲያው ሥራ ይፈልግ።»

በዚህ ቀልድ ላይ ቋሚ አጋሩ ልጃቸው ናት። የሂሳብ አስተማሪ ናት። ድራማው ሲያልቅ ገና የወተት ጥርሷ ያልወለቀ ልጅ ነበረች። ከድራማው የምታስታውሰው የመግቢያ ሙዚቃውንና እናቷ ልክ ሙዚቃው ሲጀምር «ዝም በሉ» የምትለውን ብቻ ነው። ስታድግ ለእናቷ ታሪክ ጆሮዋን መዝጋት ተማረች፤ ልክ ባቡር ሐዲድ አጠገብ የሚኖር ሰው ባቡሩን እንደማይሰማው። አባትና ልጅ እራት ላይ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ አንዳቸው «ፊቱ ግን በምን ተቃጠለ?» ይላል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። መጋረጃ ሰፊዋ አትቆጣም። «ሳቁ፣ ሳቁ» ትላለች። «ያላየ ምን ያውቃል።»

እንዲህ እያሉ ሲኖሩ የመጋረጃ ሰፊዋ ሐሞት ጠጠር ያዘ።

ሕመሙ ያለ ምልክት ስለመጣ ማን እንደጻፈው ጥርጥር አልነበራትም። ተሽከርካሪው አልጋ ላይ ሆና ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ስትገፋ ባሏ አጠገቧ እየሄደ «አይዞሽ ክብርት» አላት። «ለእኔ አትስጋ» አለችው፤ «ዋና ገጸ ባሕርይ በጠጠር አይሞትም። የሚያሰጋው ሌላ ሰው አድርጎ እንዳይመልሰኝ ነው።» ነርሶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ በሩ ሲዘጋ ግን ሳቁ ፊቱ ላይ ቀርቶ ነበር፣ መሄጃ እንዳጣ እንግዳ።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። በማግሥቱ ትኩሳት ነበራት፤ ብዙ ተኛች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባትና ልጅ ንጹሕ የሌሊት ልብስና ሻይ የተሞላ ፔርሙዝ ይዘው ሲመጡ ነርሷ ኮሪደሩ ላይ አስቆመቻቸው። አጠገቧ ወጣቱ ሐኪም አለ፤ እንቅልፍ ያጣ ግን ትሁት ልጅ ነው።

«አባት፣ ከመግባትዎ በፊት አንድ ጊዜ ላነጋግርዎ» አለው።

«ምነው፣ በደህና?»

«ቁስላቸው ጥሩ ነው። ትኩሳቱም ወርዷል። ያሳሰበን ሌላ ነገር ነው። ንግግራቸው ትንሽ ተዘበራርቋል። በዚህ ዕድሜ ከማደንዘዣና ከትኩሳት በኋላ አንዳንዴ አእምሮ ይምታታል። ብዙውን ጊዜ ያልፋል።»

«ብዙውን ጊዜ» አለ መነጽር ሠሪው።

«ለማንኛውም ለከሰዓት የራስ ምርመራ ይዘንላቸዋል።»

መነጽር ሠሪው ፔርሙዙን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘው። የሚስቱ እናት በመጨረሻ ዘመናቸው አእምሯቸው ከድቷቸው ነበር። መጀመሪያ የሰው ስም ነበር የጠፋባቸው። ቀጥሎ ከሞቱ ሰዎች ጋር ማውራት ጀመሩ። በመጨረሻ የገዛ ልጃቸውን «አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?» ብለው ጠየቁ። ያን ቀን ሚስቱ ከእናቷ ክፍል ወጥታ ኮሪደር ላይ ቆመችና «እኔንም እንዲህ ካደረገኝ አትንገሩኝ» አለች። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳችውም። እሱም አላነሳባትም፤ ስም በጠፋባት ቁጥር ግን እስኪመጣላት ድረስ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ልጁ ክንዱን ያዘችው።

«ምንድን ነው ያለችው?» አለች ልጅቷ።

ሐኪሙ ወደ ነርሷ አየ። ነርሷ እንደ መፍራት አለች። «ጠዋት መድኃኒት ይዤ ስገባ ፊታቸውን ወደ መጋረጃው አዙረው ያወራሉ። ከመጋረጃው ወዲያ እግራቸው በጄሶ የታሰረ እናት ነበሩ፤ ግን ለራጅ ወስደናቸዋል፣ ማንም የለም። ‹ባሏ ሰጠመ ብለው ጥቁሯን ሳታወልቅ ለወንድምየው ዳሯት› ይላሉ። የቤተሰብ ነገር መስሎኝ ‹ነፍስ ይማር፣ መቼ ነው?› አልኳቸው። ‹አልሞተም እኮ፣ ተመልሷል› አሉኝ። ‹እንግዲያው እንኳን ደስ ያለዎት› ስላቸው ‹ምን ደስታ አለው፣ ፊቱ የሌላ ሰው ነው› አሉኝ።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ከደነች።

«ከዚያ እኔን ጠራችኝ» አለ ሐኪሙ። «ይህን ያደረገው ማነው ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ሰው እያሳደዳቸው እንዳይሆን ብዬ ነው። ‹ሁለተኛው ነዋ› አሉኝ። ሁለተኛው ማነው ስላቸው ‹አንደኛው ከሄደ በኋላ የመጣው። ከዚያ ወዲህ ሰው በር ሳያንኳኳ ነው የሚገባው› ብለው ትክ ብለው አዩኝ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እውነቱን ለመናገር ሳላንኳኳ ነበር የገባሁት።»

የመነጽር ሠሪው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነርሷ የሚያለቅስ መስሏት ወንበር ልታመጣ ዞረች። ልጁም ቀና ብላ ስታየው ጥርሱ ይታያል።

«ዶክተር» አለ ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «ሚስቴ ደህና ናት። ድራማ ነው።»

«አቤት?»

«የድሮ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት እናት ተመልካች ናቸው ማለት ነው። ሲያወሩ ቆይተው ወስዳችሁባታል፤ እሷ ደግሞ ጣልቃ ሳይገባባት ብዙ መሄድ ትችላለች።»

ልጅቷም አሁን ሳቅና ለቅሶ እየተቀላቀለባት «እውነቱን ነው፣ እናቴ እንዲህ ናት» አለች።

ሐኪሙ ግን አልሳቀም። «ድራማ መሆኑን ላምናችሁ እችላለሁ» አለ። «ችግሩ ሰው ሲምታታም የሚምታታው በሚያውቀው ነገር ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ታሪኩን በትክክል ነው የተናገሩት ወይስ አደባልቀው? የትኛው ቀደመ፣ የትኛው ተከተለ? ልክ ከሆነ አእምሯቸው ከእኔ ይሻላል። ካልሆነ ግን ምርመራው ይቀጥላል። የሚያውቅ ሰው አላችሁ?»

ልጅቷ አባቷን አየች፤ ወዲያው ዓይኗን መለሰች። እሱማ ጋዜጣ አንባቢ ነው። «ፋርማሲስቷ ታውቃለች» ብላ ስልኳን አወጣች። ደወለች። ጠራ፤ ጠራ፤ አልተነሳም። ሐኪሙ ወደ ሌላኛው ክፍል በር አየ፤ የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩ። ልጅቷ እንደገና ልትደውል ስትል መነጽር ሠሪው እጇን ያዘ።

«አያስፈልግም» አለ። «እኔ አውቀዋለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቀው፣ አባዬ?»

መነጽር ሠሪው ፔርሙዙን አየ። «ሁሉንም» አለ።

ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመና ተናገረ። ከወደቡ ጀመረ። አበባ ሻጯ መርከበኛውን የመጀመሪያ ቀን የሰጠችው አበባ የደረቀ እንደነበር፣ መርከበኛው ግን ሳይጥለው በኪሱ ይዞት እንደኖረ ተናገረ። መርከቡ የሰጠመው ዳኛዋ በሌባው ላይ ከመፍረዷ በፊት ነው እንጂ በኋላ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህን ያደባልቃል። ወንድምየው ለጋብቻ ሁለት ጊዜ ጠይቆ ሁለት ጊዜ እምቢ ተብሏል፤ ሦስተኛውን የጠየቀችው እሷ ናት፤ ይህንንም ብዙ ሰው ይረሳዋል። መርከበኛው የተመለሰው ከሠርጉ አንድ ሳምንት በኋላ ነው፤ በር ሳያንኳኳ ገባ፤ ወንድምየው መሰላል ላይ ነበር። ነርሷ የያዘችውን ሳህን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። በክራንች ያልፍ የነበረ አንድ ሰውዬ አለፍ ብሎ ቆመ።

«ቆይ፣ መሰላል ላይ ምን ይሠራ ነበር?» አለች ነርሷ።

«ጣሪያውን እያደሰ» አለ መነጽር ሠሪው። «ያ ጣሪያ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ያፈስ ነበር። መርከበኛው እንደ መርከብ ሰው ሁሌ ‹ስመለስ እሠራዋለሁ› ይላል እንጂ አንድ ቀን መዶሻ አላነሳም። ወንድምየው ምንም ሳይል ወጣ፣ ሠራው። የመርከበኛውን ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ፣ ሌሊት ተነስቶ መስኮት የሚዘጋው እሱ። ከዚያ ያ ሌላ ፊት ለብሶ መጣና ሰው ሁሉ ለእሱ አለቀሰ። ለወንድምየው ያለቀሰ አንድ ሰው የለም። እስቲ ፍትሕ ነው፣ ዶክተር?»

«አባት» አለ ሐኪሙ ለስለስ ብሎ፣ «እኔ ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው የጠየቅኩት።»

ልጅቷ አባቷን አዲስ ሰው እንደምታይ ታየዋለች። «አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ስንስቅባት ነበር።»

«ስቄያለሁ» አለ መነጽር ሠሪው። «መሳቄን አልካድኩም።»

ሐኪሙ በሩን አንኳኳ።

«ግባ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ደስ ያለው ድምፅ ነበር።

መጋረጃ ሰፊዋ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ገርጥቷል፤ ዓይኗ ግን የሚለካ ነገር ይፈልጋል። በአልጋዎቹ መካከል የተንጠለጠለውን መጋረጃ ጠርዝ በሁለት ጣቷ ይዛ ትመረምራለች። «ይህን የሰፋ ሰው ቸኩሏል» አለች ወደ ባሏ ዞራ። «ምነው ፊትህ? ጠጠሩን ለአንተም አወጡት?»

«እናቴ» አለ ሐኪሙ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መርከበኛው የተመለሰው መቼ ነው? ከሠርጉ በፊት ነው በኋላ?»

መጋረጃ ሰፊዋ ወጣቱን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። በሐኪም ላይ እንዲህ ያለ ተስፋ ጥላ አታውቅም ነበር። «የሠርጉ ዕለት ነው» አለች።

ሐኪሙ ወደ መነጽር ሠሪው ዞረ። መነጽር ሠሪው ሻይ የተሞላውን ፔርሙዝ እንደያዘ ደረቀ። ከሠርጉ በኋላ ነው፤ ከሳምንት በኋላ። በዓይኑ አይቷል። መሰላሉን አይቷል፤ ቀለበቱን በወንድምየው ጣት ላይ አይቷል። በሕይወቱ እርግጠኛ ሊሆንባቸው ከሚችላቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፤ እና አሁን እሱ ትክክል ከሆነ ሚስቱ ተሳስታለች፤ ሚስቱ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ተሳስታ አታውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜው ስህተተኛው እሱ እንዲሆን ጸለየ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አላት፤ ድምፁ ቀጥኖ ወጣ። «የሠርጉ ዕለት?»

«አዳራሹ ውስጥ ከኋላ፣ ምሰሶው ጋ ቆሞ ነበር። ቀለበት ስታጠልቅ አያት። እሷ ስትስቅ አየና ዞሮ ወጣ። ማንም አላየውም፣ እኛ ብቻ ነን ያየነው። ቤት የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው።» ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞራ «በኋላ ነው ያለህ ማነው?» አለች።

«ባለቤትዎ ናቸው።»

«እሱማ ያን ቀን የት ነበረና» አለች መጋረጃ ሰፊዋ፣ ያለምንም መገረም። «የአንድ ሹፌር መነጽር ተሰብሮ እሱን ሲጠግን ሱቅ አመሸ። ሲመጣ አልቋል። ‹ምን ሆነ?› ብሎ እንዳይጠይቅ ጋዜጣ አንባቢ ነው። እኔ ደግሞ ካልጠየቀኝ አልነግረውም ብዬ ተውኩት። በማግሥቱ ጋዜጣውን ገልብጦ ይዞ ነበር የተቀመጠው።»

መነጽር ሠሪው አስታወሰ። ሹፌሩን አስታወሰ፤ የተሰነጠቀውን ግራ መስታወት አስታወሰ፤ ያን ምሽት ወደ ቤት የተራመደበትን ፍጥነትም አስታወሰ። ከዚያ በቀስታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ደረቱ ላይ ተቆልሎ የነበረ ነገር ሁሉ ተናደ፤ እንደ ሸክም ያወረደ ሰው እጆቹ ቀለሉት፤ የት እንደሚያደርጋቸው ጨነቀው።

«ልክ ናት» አለ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ዶክተር። እኔን መርምረኝ።»

ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። መጋረጃ ሰፊዋ ግን ነገሩ አልገባትም፤ ልጇ አጎንብሳ ጆሮዋ ላይ ነገረቻት፤ ነርሷ የሰማችውን፣ ሐኪሙ የፈራውን፣ ለከሰዓት የተያዘውን። የመጋረጃ ሰፊዋ ፊት ላይ ትንሽ ጥላ አለፈ፤ እናቷን አስባ ይሆናል። «እኔ ደግሞ» አለች ቀስ ብላ፣ «ያቺ ሴት ዝም ስትለኝ ተስማማች ብዬ ነው እኮ።» ከዚያ ሆዷን በእጇ ደግፋ ሳቀች፣ ስፌቱ እያመማት።

«እና ይሄን ሁሉ ለዶክተሩ የተረከው እሱ ነው?» አለች ሳቋ ሲያልፍላት።

«ከወደቡ ጀምሮ» አለች ልጅቷ። «የደረቀውን አበባ ሳይቀር።»

«እንደሚያውቅማ አውቅ ነበር። ይሄን ሁሉ ዘመን የጋዜጣውን ገጽ አንድ ቀን ሲገልጥ አላየሁትም።»

«ለወንድምየውም ጠበቃ ቆሟል።»

«የወንድምየው ወገን?» መጋረጃ ሰፊዋ ከትራሱ ቀና አለች። «በእኔ ቤት? የእኔን ሻይ እየጠጣ?»

«አሁን እንዲያውም ባሰብኝ» አለ መነጽር ሠሪው፤ የተቀመጠበት ወንበር አላስቻለውም። «ሠርጉን አይቶ ከሆነማ ሰውዬው የባሰ ነው። መጋባታቸውን እያወቀ ነው በሳምንቱ በር ሳያንኳኳ የገባው? እኔ እኮ እስከዛሬ አላወቀም እያልኩ አዝንለት ነበር።»

«ናፍቋት ነው የመጣው።»

«ደብዳቤ አይጽፍም?»

«ደራሲው ነው ያመጣው እንጂ እሱ መቼ መጣ? እሱ ምሰሶው ጋ ቆሞ፣ አይቶ፣ ሄዷል። ያ የመጨረሻ ክብሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው እኔ አላውቀውም፤ ፊቱም የሱ አይደለም።»

«እሺ፣ ወንድምየውስ? ምን አጠፋ? ጣሪያውን ጨርሶ ሳይወርድ እኮ ነው የተወችው።»

መጋረጃ ሰፊዋ ባሏን አየችው፤ ጭኑ ላይ የተቀመጠውን ፔርሙዝ፣ በችኮላ የተዘጋውን የሸሚዙን ቁልፍ፣ ሁለት ቀን ያልተላጨውን ጢሙን። በዚህ ዓይነት ዓይን የምታየው ውድ ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት ነው።

«እሷ አልተወችውም» አለች። «ያስተዋት ደራሲው ነው። እኔ ብሆን ከዚያ ቤት ንቅንቅ አልልም ነበር።»

መነጽር ሠሪው የፔርሙዙን ክዳን ፈትቶ ሻይ ቀዳ፤ ለሐኪሙ ሊሰጠው ዘረጋና ለእሷ መሆኑን አስታውሶ መለሰው፤ ከዚያ እሷ ገና እንዳልተፈቀደላት ትዝ አለውና ራሱ ጠጣው። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞራ አፍንጫዋን ጠረገች። ኮሪደሩ ላይ ጎማ ሲንሿሿ ተሰማና እግሯ በጄሶ የታሰረችው ሴት ከራጅ ተመለሰች፤ አልጋዋ ቦታው ላይ እንደቆመ በመጋረጃው ወዲያ ሆና «የት ነበር ያቆምነው?» አለች።

«ቆይ፣ እዚህ አንድ የወንድምየው ወገን ተገኝቷል» አለች መጋረጃ ሰፊዋና መጋረጃውን ሳበችው።

ሐኪሙ ወጣ። የከሰዓቱ የራስ ምርመራ ተሰርዞ ቦታው ለሌላ በሽተኛ ተሰጠ፤ መጋረጃ ሰፊዋ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ሾርባ ተፈቅዶላታል።